የሙቀት መዝገቡ ዘጠኝ ባዶ ቀናት

ቴርሞሜትሩ አርባ አንድ ላይ ቆመ። ፋርማሲስቷ ረጅሙን ብረት ከኮምፖስቱ ክምር ውስጥ መዝዛ በጨርቅ ጠረገችና ከምሰሶው ጋር በሽቦ የታሰረውን የሙቀት መዝገብ ከፈተች። ቀን፣ ሰዓት፣ የክፍሉ ቁጥር፣ ሙቀት። ከእነዚህ ቀጥሎ ያለው ሰፊ ዓምድ «አስተያየት» ይላል። ግንበኛው ትናንት ከሰዓት በኋላ መጥቶ ቁጥሮቹን በዚያ ቀጥ ባለ የእጅ ጽሑፉ ሞልቷል። አስተያየቱን ግን ባዶ ትቶታል። ዘጠነኛ ቀኑ ነው።

መዝገቡን ሳትዘጋ ቆመች። ከጧቱ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኗል። መድኃኒት ቤቱን ለመክፈት አንድ ሰዓት ቀርቷታል። ወገቧ ከትናንት ወዲያ እንደተያዘ ነው፤ እግሯ ጫማዋ ውስጥ አብጧል። ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ዛሬ ጧት ግን የሰማንያ ዓመት ሴት በውስጧ ተቀምጣ የምታቃስት መሰላት።

ያ ዓምድ እንዲህ ባዶ አልነበረም። አርባ ሁለት ቤተሰብ በጋራ የሚያለማው የአትክልት ቦታ የራሱ የኮምፖስት ማዘጋጃ እንዲኖረው ሲወሰን፣ ነድፎ የገነባው እሱ ነው። ስድስት የብሎኬት ክፍል፣ ክምሩ አየር እንዲያገኝ በየብሎኬቱ መካከል ጣት የሚያሾልክ ክፍተት፣ ከላይ ቆርቆሮ። ግንበኛ ከመሆኑ በፊት አሥራ አንድ ዓመት የሰው ቆሻሻ በጋሪ እየገፋ የኖረ ሰው ነው። እሷ ደግሞ ከአትክልት ቦታው በላይ ካለው ሰፊ ቤት የምትመጣ የጡረተኛው ዳኛ ልጅ ናት። ሙቀት የመለካቱ ተራ ሲከፋፈል የጧቱ ለእሷ፣ የከሰዓቱ ለእሱ ደረሰ። ስለዚህ ብዙም አይገናኙም ነበር። ይጻጻፉ ነበር እንጂ።

«ሦስተኛው ክፍል ዛሬ በጣም ጋለ። እጄን አቃጠለኝ። ደስ ብሎኛል።» ይህ የእሱ ነበር፣ ከአምስት ወር በፊት።

«ቴርሞሜትር እያለ እጅዎን ለምን ይከታሉ? የቃጠሎ ቅባት ከመዝገቡ ሥር አስቀምጫለሁ። በቀን ሁለት ጊዜ ይቀቡት። መመሪያውን ያንብቡ።»

«አነበብኩት። ከልጆች ይራቅ ይላል። ልጅ የለኝም። ሚስትም ከሞተች ስድስት ዓመቷ ነው። ቅባቱን አርቄ የማስቀምጥበት ሰው የለኝም።»

ይህን ያነበበች ዕለት መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ለአንዲት ሴት የምትሰጠውን የሳል ሽሮፕ በሁለት እጇ ይዛ ለረጅም ጊዜ ሳትሰጣት ቆማ ነበር። ሴትዮዋ «እመቤት፣ እያመመሽ ነው?» ብላ ጠየቀቻት።

ከሁለት ወር በፊት የመጀመሪያው ኮምፖስት ደረሰ። ጥቁር፣ ፍርክስክስ የሚል፣ ሽታ የሌለው። አርባ ሁለቱም ቤተሰብ በባልዲ በባልዲ ወሰደ። ከዚያ የቲማቲሙ ቅጠል መጠቅለል ጀመረ። ግንዱ ተጣመመ፤ አበባው ሳይፈታ ደረቀ። በቆሎው ምንም ሳይሆን ቆሞ ከጎኑ ያለው ቃሪያ አለቀ። ያለፈው እሑድ በተጠራው ስብሰባ ላይ «ከፋብሪካ አተላ አምጥቶ ቀላቅሎብናል» ተባለ። «የለመደው ቆሻሻ ነው!» ተባለ። ሰው የገዛ ቤቱን ልጣጭ እየጣለ ልጣጩን የሚያነሳለትን ሰው የሚጸየፍበት ምክንያት እስከዛሬ አልተገኘም፤ ቢፈለግም አይገኝም። ግንበኛው ግን አንድ ቃል አልተነፈሰም። ዛሬ ቅዳሜ በአሥር ሰዓት ደግሞ ድምፅ ይሰጣል፤ ማዘጋጃው እንዲፈርስ፣ እሱም ከማኅበሩ እንዲሰረዝ።

እርሳሱን አንስታ በባዶው ዓምድ ላይ «ምን አደረግሁዎት?» ብላ ጻፈች። ከዚያ አጠፋችው። ወረቀቱ ሊቀደድ እስኪደርስ ድረስ አጠፋችው።

*

ቅዳሜ መድኃኒት ቤቱ በስድስት ሰዓት ይዘጋል። ቁልፉን ስትቆልፍ ወደ ቤት ለመሄድ አስባ ነበር። እግሯ ግን ወደ ታች፣ የግንበኛው ቤት ወዳለበት ሰፈር ወሰዳት።

እዚያ ደርሳ አታውቅም። የብረት በሩ ገርበብ ብሏል። አንድ ክፍል፣ አንድ አልጋ፣ ግድግዳው ላይ በምስማር የተንጠለጠሉ የግንብ መለኪያዎቹ፣ ውሃ ልክና ቱምቢ። ወለሉ ላይ የተከፈተ ሻንጣ። ግንበኛው ተንበርክኮ የሲሚንቶ ማንኪያዎቹን በጨርቅ እየጠቀለለ ነበር። ቀና ብሎ ሲያያት ፊቱ ላይ ደስታ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ሄደ። ሁለቱንም አየቻቸው።

«ይግቡ» አለ። ከዚያ ክፍሉን ዙሪያውን ተመለከተና በመጋበዙ የተጸጸተ መሰለ። «ወንበሯ አንድ እግሯ ያነክሳል፤ ወደ ግድግዳው ያስጠጓት።»

«የሚሄዱት የት ነው?»

«ሌላ ከተማ የትምህርት ቤት ግንባታ አለ። ስምንት ወር ይፈጃል። ነገ ጧት ነው።»

«ስብሰባውስ?»

«ያለ እኔም ይፈርዱብኛል። ለመፈረድ የግድ መገኘት አያስፈልግም።»

ልትቀመጥ ስትል መስኮቱን አየች። ደፉ ላይ ወገባቸው የተቆረጠ ሰባት የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙሶች ተደርድረዋል። በእያንዳንዳቸው ቦሎቄ በቅሏል፤ በእያንዳንዳቸው ላይም ብጣሽ ወረቀት ተለጥፏል። ቀረብ ብላ አነበበች። «የወጥ ቤት ትርፍራፊ»፣ «ሰጋቱራ»፣ «የዶሮ ፍግ»፣ «የላም ፍግ»፣ «ደረቅ ቅጠል»፣ «የገበያ አትክልት»። ስድስቱ ቦሎቄዎች ወታደር መስለው ቀጥ ብለዋል። የሰባተኛው ቅጠል እንደ አራስ ልጅ ጭብጥ ወደ ውስጥ ተጠቅልሏል፤ ግንዱም ዞሮ ወደ አፈሩ ተመልሷል። የዚህ ብቻ ወረቀቱ ወደ መስኮቱ ዞሯል።

«ይተዉት» አለ ግንበኛው ከኋላዋ። ድምፁ እንግዳ ሆነባት።

አዞረችው። «ሣር» ይላል።

በዚያ ማዘጋጃ ውስጥ ሣር የገባው ከአንድ ቦታ ብቻ ነው። ከአባቷ ግቢ። ማጨጃው ባለፈ ቁጥር ሣሩን ራሷ በጆንያ አጭቃ፣ በመኪናዋ ጭና፣ ጌጥ እንዳመጣች ሁሉ እየተኩራራች አራግፋዋለች። አሥራ አንድ ጆንያ። እዚያ ስታራግፍም በመዝገቡ ላይ «ዛሬ ስጦታ አምጥቻለሁ» ብላ ጽፋለች።

«አባቴ ለአረም መድኃኒት ያስረጫል» አለች ቀስ ብላ፣ ለራሷ እንደምትናገር። ወደ እሱ ዞረች። «መቼ ነው ያወቁት?»

«ያለፈው ሳምንት ሐሙስ። ቅጠሉ መጠቅለል ሲጀምር።»

«ዘጠኝ ቀን።»

«ቆጥረዋል?»

«ሌላ ምን ሥራ ነበረኝ! ባዶ ዓምድ ስቆጥር አይደል የከረምኩት!» ድምፏ ወደ ጎረቤት እንደሚያልፍ ታወቃት፤ ግድ አልሰጣትም። «ታዲያ እሑድ ዕለት ያ ሁሉ ሰው ሲያዋርድህ አውቀህ ነው ዝም ያልከው?»

«ምን ልበል? የዳኛው ልጅ ናት ልበል?»

«አዎ! እንዲያ በል! እውነት ከሆነ እንዲያ ይባላል!»

«አንቺ እዚህ ነዋሪ ነሽ። እዚህ ትሠሪያለሽ፣ እዚህ አባት አለሽ። እኔ ደግሞ ለምጃለሁ። ጥቁር ልብስ ላይ ጥላሸት ቢጨመር ማን ያያል?»

«ያምራል» አለች። «በጣም የሚያምር ንግግር ነው። የሚያምርና የረከሰ!»

ግንበኛው ማንኪያውን ከነጨርቁ ወለሉ ላይ አስቀመጠ።

«እኔ ልጅ ነኝ? አፌ ተለጉሟል? የሠራሁትን ጥፋት ከእጄ ቀምተህ ተሸክመኸው ልትሄድ ነው፤ እኔ ደግሞ ስምንት ወር ሙሉ ቲማቲሙን ማን እንደገደለው ሳላውቅ፣ አንተን እየጠረጠርኩ ልኖር? ጠርጥሬሃለሁ እኮ! ታውቃለህ? ማክሰኞ ዕለት 'እውነት ይሆን እንዴ?' ብያለሁ። ይሄን ነው የሰጠኸኝ።»

ሴትን ሳይጠይቁ ለሴት መሠዋት የፍቅር ጫፍ ነው እየተባለ ስንት ዘመን ተወራ! አንድ ሰው ግን ጠይቆ አያውቅም፦ የተሠዋላትስ ሴት የት ቀረች? ሳታውቅ ባለዕዳ ሆና፣ በማታውቀው ነገር ተጠብቃ፣ ስለ ራሷ ሕይወት የመጨረሻዋ ሰሚ ሆና ትቀራለች። ይህ ጨዋነት አይደለም። ጨዋነት የሚመስል ንቀት ነው።

ግንበኛው መዳፎቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ይመለከታቸው ጀመር። በሲሚንቶ የተሰነጣጠቁ ትልልቅ እጆች ናቸው። ሊይዛት እንደሚፈልግ፣ እንደማይነካትም አወቀች። ንዴቷ ሳይበርድ በመሐሉ ድካሙ መጣባት፤ ያንን የሚያነክስ ወንበር ትታ እዚያው ወለሉ ላይ፣ ሻንጣው አጠገብ፣ ግንባሯን ጉልበቷ ላይ ደፍታ ብታለቅስ በወደደች።

አላለቀሰችም። የተጠቀለለውን ቦሎቄ ከነጠርሙሱ አንስታ ወጣች። እሱ ሊያስቆማት ተነስቶ እንደነበርና በሩ ላይ እንደቀረ፣ ዞር ሳትል ታወቃት። ልቧን የሰበረው የበሩ ላይ መቅረቱ ነው።

*

ዳኛው በረንዳ ላይ ተቀምጠው ጋዜጣ ያነባሉ። ከፊታቸው ሣሩ እንደ ምንጣፍ ተነጥፏል። አንድ አረም አይታይበትም።

በቀጥታ ወደ ኋላ ወዳለው ዕቃ ቤት ገባች። ቢጫው ጀሪካን ከአጥር መቁረጫው መቀስ አጠገብ ነበር። የተለጠፈበትን ጽሑፍ ወደ ብርሃኑ አስጠግታ፣ ከትልቁ ፊደል ጀምራ ትንኝ እስከሚያክለው ድረስ አነበበች። ከታች በኩል፣ አሥራ አራተኛው መስመር ላይ፦ «ይህ መድኃኒት የተረጨበትን ሣር ለኮምፖስት አይጠቀሙ። ቅጠለ ሰፋፊ ተክሎችን ከአንድ ዓመት በላይ ሊጎዳ ይችላል።»

በቀን ሃምሳ ሰው «መመሪያውን ሳያነቡ እንዳይጀምሩ» እያለች የምታሰናብት ሴት ናት። ለሕመምተኛ፣ ለአስታማሚ፣ ለቸኮለ ሰው ሁሉ። እንኳን ለእነሱ፣ ለቃጠሎ ቅባት እንኳ ጽፋለች። ዕቃ ቤቷ ውስጥ ያለውን ጀሪካን ግን አንድ ቀን ገልብጣ አላየችም። ፊቷ በሐፍረት ጋለ።

«አባዬ» አለች በረንዳው ላይ ስትደርስ፣ ቦሎቄውን ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠች። «የማኅበሩን ቲማቲም የገደለው የእኛ ሣር ነው። እርስዎ አስረጩት፣ እኔ ወሰድኩት።»

ዳኛው ቦሎቄውን ከመነጽራቸው በላይ አዩት። ጋዜጣውን አጠፉ። «ማን አየ?» አሉ።

ሠላሳ ዓመት በሰው ላይ ሲፈርዱ የኖሩ ሰው ናቸው። መጀመሪያ የጠየቁት ግን ይህንን ነው።

«እኔ አየሁ።»

«አንቺ ተከሳሽ እንጂ ምስክር አይደለሽም።» ፈገግ ለማለት ሞከሩ። «ያ ግንበኛ ይሄዳል አሉ። ነገሩም አብሮት ይሄዳል። ማንም አይጎዳም።»

«እሱ ይጎዳላ!»

«እሱ ለምዶታል፣ ልጄ።»

ሁለት ወንዶች። አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች፤ በሕይወታቸው አንድ ቀን ተጨባብጠው አያውቁም። በዚህ አንድ ነገር ላይ ግን ሳይመካከሩ ተስማምተዋል። ከሁሉ ያንገበገባት ይህ ስምምነታቸው ነበር።

«በአሥር ሰዓት ስብሰባው ላይ እናገራለሁ» አለች።

«የዚህን ቤት ስም ልታነሺ?»

«ሣሩ የበቀለበትን ቦታ ልናገር። ቤቱም ስሙም እዚያው ነው።»

ዳኛው ጋዜጣውን መልሰው ሊዘረጉ ሞከሩ። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ወረቀቱ አልታዘዝ አላቸው። እናቷ ከሞተች፣ እሷም ትዳሯን ፈትታ ከተመለሰች ወዲህ የዚህን እጅ ጥፍር የምትቆርጠው፣ የመድኃኒቱን ሰዓት የምትጠብቀው እሷ ናት። «እንዲያ ከሆነ» አሉ፣ ዓይናቸውን ከሣሩ ሳያነሱ፣ «ማታ በዚህ ጠረጴዛ ላይ ምን እንደምንነጋገር አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም፣ አባዬ።»

ጋዜጣውን ከእጃቸው ወስዳ ባቆሙበት ገጽ ላይ አጥፋ አመቻቸችላቸው። ትወዳቸው ነበር። ነገሩን ከባድ ያደረገባትም ይኸው ነው።

*

በአሥር ሰዓት ማኅበርተኛው ከማዘጋጃው ፊት ባልዲ እየገለበጠ ተቀመጠ። ሊቀመንበሯን ሁሉም «እማማ ሚዛን» ነው የሚላቸው፤ የየሰዉን ትርፍራፊ ሳይመዝኑ ስለማያስገቡ። ከፊት ለፊት የቆሙት ደግሞ ጡረተኛው የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው። «ጋሽ ማይክ» ይባላሉ፤ ለምን እንደሚባሉ ለማወቅ ሦስት ቤት ርቆ መቆም ይበቃል።

«ሁለት ወር ሙሉ ውሃ ያጠጣሁት ቲማቲም!» ይላሉ ጋሽ ማይክ። «እንደ ልጄ ነበር የማየው! አሁን ሂዱና እዩት፤ ቅጠሉ እንደ ሲጋራ ተጠቅልሏል!»

«ጋሽ ማይክ፣ ቀስ ይበሉ፤ የቀረውም ይረግፋል» አለች አንዲት ሴት ከኋላ። ጥቂት ሰው ሳቀ።

ያን ጊዜ ግንበኛው በበሩ ገባ። ወደ ማንም አላየም። የእጅ ጋሪውን ሊወስድ ነው የመጣው። ሳቁ ጸጥ አለ። ጋሪውን ከግድግዳው አላቆ ሲይዝ አንድ ሰው «ማስረጃውን ሊያሸሽ ነው!» አለ፤ እሱም ቆመ፤ እጀታውን እንደያዘ፣ ጀርባውን እንደሰጣቸው።

ፋርማሲስቷ ተነሳች። ከአባቷ ጠረጴዛ መልሳ ያመጣችውን ቦሎቄ ከፍ አድርጋ ያዘች።

«ቲማቲማችሁን የገደልኩት እኔ ነኝ» አለች። «አባቴ በግቢው ሣር ላይ የአረም መድኃኒት ያስረጫል። ያንን ሣር አሥራ አንድ ጆንያ አምጥቼ እዚህ ክምር ውስጥ የጨመርኩት እኔ ነኝ። ጀሪካኑ ላይ አትጨምሩ ይላል፤ አላነበብኩትም። እሱ ከየዓይነቱ ወስዶ ቦሎቄ ዘርቶ አጣራ። ያበላሸው የእኔ ሣር እንደሆነ ካወቀ ዘጠኝ ቀኑ ነው። ለእኔ ብሎ ዝም አለ። እኔ ደግሞ ዝም እንዲባልልኝ አልጠየቅሁም።»

አንድ ባልዲ ተንቋቋ።

«እንግዲህ...» አሉ ጋሽ ማይክ። ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው ድምፅ ሆነ። «ሰው ነው፤ ይሳሳታል።»

«ለበጎ ብላ ነው» አለ ሌላው።

«ማን ይጠረጥራል? ሣር እኮ ነው።»

«አይዞሽ ልጄ፣ ቲማቲም ደግሞ ይተከላል! ለአባትሽም ሰላም በዪልን።»

ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ታጥባ፣ ተጠርጋ፣ ንጹሕ ሆና ወጣች። ያው ጥፋት ነው፤ ያው ቲማቲም ነው፤ ያው አርባ ሁለት ቤተሰብ ነው። በእሱ ላይ ሲሆን ወንጀል የነበረው በእሷ ላይ ሲደርስ ስህተት ሆነ። ይቅርታ እንዲህ በዝቶ ሲፈስ የደግነት ምልክት የሚመስለው የዋህ ብቻ ነው። ለማን እንደፈሰሰ ማየት ይገባል፤ ለማን እንዳልፈሰሰም።

«አቁሙ!» አለች። «እባካችሁ አቁሙ። ይሄ 'ሰው ነው ይሳሳታል' የሚባለው ነገር እሑድ ዕለት የት ነበር? እዚህ የቆመው ሰው አልነበረም? መድኃኒት የምሸጥ ሰው መመሪያ ሳላነብ ስቀር 'አይዞሽ'፤ ማዘጋጃውን በእጁ የሠራ ሰው ምንም ሳያጠፋ 'ቆሻሻ'! እኔን ይቅር አትበሉኝ። በሉኝ፤ ግን መጀመሪያ እሱን ይቅርታ ጠይቁት። ተራ አለው!»

እማማ ሚዛን ከባልዲያቸው ላይ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ። ጥቂት ጊዜ ወሰደባቸው። ግንበኛው ዘንድ ሄደው ፊት ለፊት እስኪያያቸው ድረስ ዞሩና ቆሙ።

«ልጄ» አሉ። «ልጣጭ በግራም የምመዝን ሴትዮ፣ የሰው ስም ሳልመዝን ጣልኩ። እሑድ ዕለት ስለ መሰረዝህ ድምፅ ይሰጥ ሲሉ እኔም እጄን አውጥቻለሁ። ይቅር በለኝ።»

ግንበኛው ራሱን ዝቅ አደረገ። ሌሎቹም አንድ በአንድ፣ አንዳንዱ ጫማውን እያየ፣ አንዳንዱ እየተገፋ መጡ። ጋሽ ማይክ መጨረሻ ላይ መጥተው የሆነ ነገር አጉተመተሙ።

«ጋሽ ማይክ፣ አልተሰማም!» ተባለ ከኋላ።

«ይቅርታ ነው ያልኩት!» ብለው ሲጮኹ ቆርቆሮው ላይ ያረፈች ወፍ በረረች።

ከዚያ ድምፅ ተሰጠ። ማዘጋጃው ይቀጥል፤ የተበላሸው ኮምፖስት ከየመደቡ ተዝቆ ይውጣ። የት ይደፋ ሲባል እማማ ሚዛን «መድኃኒቱ እንደሆነ ሣሩን አልገደለው! የዳኛው ሣር ላይ ይበተን፤ ወደመጣበት ይመለስ!» አሉ፤ ሰዉ ሳቀ። ፋርማሲስቷም ሳቀች፤ ሳቋ መጨረሻው ላይ ተሰበረ። ቀና ስትል ግንበኛው ከቦታው የለም። ጋሪው ብቻ ቆሟል።

*

ከስድስተኛው ክፍል ጀርባ፣ ግድግዳውን ተደግፎ መሬት ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ቆብ የሌለው ራሱ ላይ የብሎኬት አቧራ አለ። አጠገቡ ተቀመጠች። ከግድግዳው ክፍተቶች የክምሩ ሙቀት ወደ ጀርባዋ ወጣ።

«ደስ አላለህም» አለች።

«ልደሰት ሞክሬ ነበር። አልመጣልኝም።» አቧራውን ከእጁ አራገፈ። «አንድ ነገር ልንገርሽ። ቤቴ ስትመጪ ዋሽቼሻለሁ። ላንቺ ብዬ አይደለም ዝም ያልኩት። ለራሴ ነው።»

ዞራ አየችው።

«አምስት ወር ሙሉ አንድ ሰው በዚያ መዝገብ ላይ ሲጽፍልኝ ነበር። ቅባት የምታስቀምጥልኝ፣ ያልኩትን የምታነብልኝ። ብነግርሽና ብትክጂስ? የአባትሽ ልጅ ሆነሽ 'ማን አየ?' ብትዪስ? ያቺ ሰው ትጠፋብኝ ነበር። እሷን ይዤ ልሂድ ብዬ ነው። አላመንኩሽም። እውነቱ ይኸው ነው።»

ከሰማችው ስድብ ሁሉ ይህ ከበዳት። ምክንያቱም ልክ ነበር። ሊያምናት የሚያስችለው ምን አሳይታው ታውቃለች? ቅባት? ቀጥ ያለ የእጅ ጽሑፍን ማድነቅ? ከዘጠኝ ቀን በፊት ቢጠይቃት ምን እንደምትመልስ ራሷም አታውቅም። የምታውቀው የዛሬዋን ብቻ ነው።

«እኔም ማክሰኞ አላመንኩህም» አለች። «እኩል ነን።»

«እኩል አይደለንም። አሁን አየሽው አይደል?»

«አየሁት።»

ከግድግዳው ወዲያ ሰዎች ባልዲያቸውን እየለቀሙ ይጫጫሉ። አንድ ሰው አካፋ ይጠይቃል።

«ነገ ትሄዳለህ?» አለች።

«ቅር በዪኝ።»

«አልልም። አንተ ለእኔ ወስነህ የሆነውን አይተናል። እኔ ላንተ አልወስንም።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። ፈገግታው እንኳ ደክሞ ነበር። «እንግዲያው እኔ ልወስን» አለ። «ስልክ ደውዬ ሌላ ግንበኛ ፈልጉ እላቸዋለሁ። ሰኞ ሦስተኛውን ክፍል እናራግፋለን።»

«እናራግፋለን?»

«ወገብ ካለሽ።»

«የለኝም።»

«እኔም የለኝም» አለ፤ ሁለቱም ድምፅ ሳያወጡ፣ ትከሻቸው እየተነቃነቀ ሳቁ።

ከዚያ ሌላ ነገር ልትነግረው ዞር ስትል ዓይኑ ተከድኖ ነበር። ዘጠኝ ቀን ያልተኛ ሰው አተኛኘት ነው፤ አንዴ ተገፍቶ እንደሚወድቅ ግድግዳ። ራሱ ቀስ እያለ መጣና ትከሻዋ ላይ አረፈ። ከባድ ነበር፤ አቧራና የፀሐይ ሽታ አለው።

ገና ፀሐይ አልጠለቀችም። ጋሽ ማይክ አካፋ ይዘው ጥጉን ሲዞሩ አዩዋቸው፤ አፋቸውን ከፈቱ፤ አንድ ቃል ሳይወጣቸው ከደኑት። ከኋላቸው ሁለት ሴቶች መጡ። ከዚያም ሌሎች። የዳኛውን ልጅ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ግንበኛው ትከሻዋ ላይ ተኝቶ፣ ሁሉም ሲያልፍ አየ። ከመምሸቱ በፊት ወሬው ላይኛው ቤት በረንዳ ላይ እንደሚደርስ ታውቃለች። እዚያ ምን እንደሚጠብቃት አታውቅም። ክንዷ መደንዘዝ ጀምሯል።

«ላንሳልሽ እንዴ ልጄ? ከበደሽ አይደል?» አሉ እማማ ሚዛን በሹክሹክታ።

«ይተዉት፣ እማማ» አለች። «እንዳይነቃ።»